መብራት የሄደ ለታ

ከቀፊራ ገበያ ሠላሳ እንቁላል ገዛሁ።
«ለድግስ ነው?» አለች ሻጯ፣ ቀና ብላ እያየች።
«ለቆዳ ነው» ብላት፣ ጉንጬን ዓይታ ሳቀች።

ከአስኳሉ ስብ ነው ከረጢት የምንሠራው፣
ከአቧራ የሚያንስ፣ ዓይን የማይቆጥረው፤
ውጪው ውኃ፣ ውስጡ ውኃ፣
መሐሉ ስስ ግድግዳ።
ያምራል። ያብረቀርቃል።
ግን አጥንት የለውም፤ ቢነኩት ይጨማደዳል።
ሕዋስ ለመባል ቆዳ ብቻ አይበቃም፣
መቆም አለበት፣ መግፋት፣ መጎተት፣
ከዳር እስከ ዳር ጭነት ማመላለስ።

ስለዚህ ከውስጡ ሐዲድ እንዘረጋለን።
መጽሐፉ «አጽም» ይለዋል፤
እኔ ግን የዩያ ልጅ ነኝ።

አባቴ ዩያ የሸማንደፈር ሰው ነበር፣
ከኤረር እስከ አይሻ ብረት ሲያነጥፍ የኖረ።
«በመጋጠሚያው የጣት ክፍተት ተዪ» ይለኝ ነበር፣
እኔ በክብሪት እንጨት መስመር ስሠራ ደጃፍ ላይ፤
«ካልተውሽለት በግንቦት ይረዝምና
መሄጃ አጥቶ እንደ እባብ ይጎብጣል።»

የእኔ ሐዲድ ፕሮቲን ነው፣
ፍሬ በፍሬ ላይ የሚደረደር፣
በአንድ ጫፉ ሲያድግ በሌላው የሚፈርስ፤
አባቴ በስተርጅናው እንዳየው፣
ከኋላው እየተነቀለ
በኪሎ እንደተሸጠው መስመር።

ስምንት ወር ሞከርን።
ፕሮቲኑ በበረዶ ታሽጎ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤
ረምላ ኤሲውን አሥራ ስምንት ላይ ትቆልፋለች፣
«ድሬ ታበላሽብናለች አቦ፣ በሩን ዝጊ!»
የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፍነው።
በሣጥኗ ውስጥ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ እናሞቀዋለን፤
ከሣጥኗ እስከ ማጉያው አሥር እርምጃ ነው፤
በአሥሩ እርምጃ ውስጥ ሐዲዱ ይበርደዋል፣ ይፈርሳል።
ይህን አላወቅንም።
በየቀኑ የምናየው ክብ ነገር፣
ዝም ያለ፣
እንደ ተነፋ ፊኛ።

ግንቦት። ዓርብ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ከተማው በሩን ገጥሞ ጫቱን ይዟል፣
ባጃጁ ሁሉ ከጥላ ሥር ተኝቷል፣
ደቻቱ ውኃ የለውም፣ አሸዋው ይፈላል።
መብራት ሄደ።
ኤሲው አንዴ አቃሰተና ዝም አለ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለው፤ ረምላ ተሳደበች።
መስኮቱን ከፈትኩት።
ድሬ ገባች፣ ሙሉዋን፣
እንደ ዘመድ፣ ሳታንኳኳ።

ጥግ ላይ የተጣለ የተማሪ ማጉያ ነበር፣
መብራት የማይሻ፣ ባለ መስታወት።
ፀሐይን ያዝኩና ከሥር ሰደድኳት።

አንዱ ከረጢት ክብ አልነበረም።
እንቁላል መስሏል። ቆይቶ ሎሚ።
ቆይቶ በሁለት ወገን ቀንድ አወጣ፤
የሆነ ነገር ከውስጥ ይገፋዋል፣
ግድግዳው ሲጠብበት
ጎበጠ፣
እንደ አባቴ ግንቦት።
ክፍተት አልተውንለትም ነበር።

«ረምላ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም።
መጣች፤ ዓይኗን አስጠጋች፤
ከአገጯ ላብ ጠብ አለ ጠረጴዛው ላይ።
ስምንት ወር ስናባርራት የኖርነው ሙቀት
እጇን አስገብታ ሠርታልን ሄደች እንዳልል፣
አልሄደችም፤ ከጎናችን ቆማለች።

ሕይወት ነው አልልም።
አይበላም፣ አይወልድም፣
ማታ ሲደርቅ እንኳ «ሞተ» አይባልም።
ግን ቆሟል።

ከዚያ መብራት መጣ። ኤሲው አጓራ።
ቀንዶቹ ገቡ፣ ሎሚው ክብ ሆነ።
ረምላ ቃል ሳትናገር ተነሥታ
የኤሲውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች፤
በላብ ተነክረን፣ ተራ በተራ እያየን፣
እንደገና እስኪያነጥፍ ጠበቅነው።

ማታ ከዚራ ለአባቴ ነገርኩት፣
በረንዳው ላይ ውኃ ረጭቶ ተቀምጧል።
«ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለኝ።
«የፀጉር ውፍረት አይሞላም።»
አልሳቀም። የሠራተኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤
ጣቱን በጉልበቱ ላይ እንደ መዶሻ እየጣለ፣
ጥቂት አሰበና፣
«ባቡሩስ መቼ ነው?»